በመሃል የጎበጠው መስመር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከሥራ ስገባ አባዬ ኮምፒውተሩ ፊት እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ ነገር አለ ማለት ነው።

«ና እስቲ እየው» አለኝ። «ክቡን ሁሉ እንቁላል አድርጎብኛል።»

እውነትም እንቁላል ነው። ጠዋት የኮምፒውተሩ ሥርዓት ራሱን አድሶ ሲነሳ ምስል ወደ ስክሪን የሚልከውን የቪዲዮ ካርድ ድራይቨር ሳይዝ ተነስቷል። ስለዚህ ስክሪኑ 1920 በ1080 መሆን ሲገባው 1024 በ768 ላይ ወርዶ ምስሉን በግድ ወደ ጎን ለጥጦታል። አባዬ የሚነድፈው የትምህርት ቤት ፎቅ በአንድ ጠዋት ወፈረ።

«ድራይቨር ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እማዬ ከበሩ ላይ። በሥርዓቱና በካርዱ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው አልኳት። «እና አስተርጓሚው ጠፍቶ ነው የማይግባቡት? ታዲያ ፈልገዋ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኮሌጅ ከማስተምራቸው ልጆች ይልቅ ለእሷ ቶሎ ይገባታል።

ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ እዚህ ልጻፈው። አባዬን ከለመደው ሥርዓት አስወጥቼ ወደዚህ ነጻ ሶፍትዌር ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቫይረስ አይነካውም፣ ማንም ከፍቶ ውስጡን ሊያየው ይችላል፣ ቢበላሽም እኔ አለሁልህ ብዬ። ሠላሳ አንድ ዓመት በድራፍትማንነት የሠራ ሰው ጡረታ ወጥቶ እቤቱ መሥራት ሲጀምር ሁሉን ነገር እንደ አዲስ እንዲማር አደረግኩት። ተማረም፣ ሳያጉረመርም። አሁን ትምህርት ቤቱን የሚገነባው ተቋራጭ ንድፉን ለኅዳር መጨረሻ ይፈልገዋል። አለሁልህ ያልኩት እኔ ነኝና ልነሳ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ጥቁር ስክሪን። አዲስ ድራይቨር ብጭንበት ጭራሽ ጨለመ። ወደ አሮጌው መለስኩት፣ እንቁላሉም ተመለሰ። አባዬ «ከጨለማው እንቁላሉ ይሻላል» አለ። ኮሌጅም አረፈድኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ተገኘ። ሁለት ድራይቨሮች ናቸው ሲጣሉ የከረሙት፦ አንደኛው የካርዱ አምራች የሚያወጣው፣ ሌላኛው በጎ ፈቃደኞች የጻፉት ነጻው። የአምራቹን ከሥሩ ነቅዬ ነጻውን ብቻ ተውኩት፤ ሥርዓቱ ሲነሳም ወደ ሌላ እንዳያይ አስጠነቀቅኩት። 1920 በ1080፣ ጥርት ብሎ።

አባዬ በቃል አያምንም። ከመሳቢያው ኮምፓስ አወጣና ስክሪኑ ላይ ያለውን ክብ ዙሪያውን ለካው። «ክብ ነው» አለ። እንደ ሜዳሊያ ነው የተቀበልኩት።

ከዚያ በንድፉ ቀኝ ታችኛው ጥግ ያለችውን ሣጥን አሳየኝ። ያለ እሷ ንድፍ ከእጁ አይወጣም፦ የነደፈው፣ ያረጋገጠው፣ ቀን። የነደፈው እሱ ነው። ያረጋገጠው ግን የግድ ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ መሥሪያ ቤት እያለ የጠረጴዛ ጎረቤቱ ይፈርምለት ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቦታው ባዶውን ይሄዳል፣ የተቋራጩ መሐንዲስ ይፈርምበታል።

«አንድ ቀን አንተ ትፈርማለህ» አለኝ።

«እኔ ስለ ንድፍ ምን አውቄ?»

«መለካት ታውቃለህ አይደል? ሌላ ምን አለው።»

እሱ እንዳሳደገኝ፣ እኔም ያልለካሁትን አላምንም። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ድራይቨሩ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። አባዬ «ክቡ ደህና ነው፣ አሁን ደግሞ ቀጥ ያለው መስመር መሃል ላይ ይጎብጣል» ይላል። ማስመሪያ አምጥቼ ስክሪኑ ላይ ለጠፍኩ። ቀጥ ያለ ነው። አሳየሁት።

«ማስመሪያውም ይጎብጣል» አለ።

ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። ምናልባት የስክሪኑ የእድሳት ፍጥነት ነው፤ ምስሉ በሰከንድ ስልሳ ጊዜ መታደስ ሲገባው ካነሰ መስመር ሊርገበገብ ይችላል። ነገ አየዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

የእድሳት ፍጥነቱ ስልሳ ነው፤ ምንም አልሆነም። ነጻውን ድራይቨር አውጥቼ የአምራቹን መለስኩ። ጎበጠ። የአምራቹን አውጥቼ አሮጌውን ነጻ ጫንኩ። ጎበጠ። አባዬ ወንበሩን ወደ ግራ አዙሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ መሥራት ጀምሯል። «እንዲህ ሳየው ይሻላል» ይላል። አንገትህ ይታመማል፣ ታገሠኝ አልኩት። በማዕዘን ሲያዩት የሚስተካከል ከሆነ ፍንጭ ነው፤ ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ከኮሌጁ ሌላ ስክሪን ተውሼ በመኪና ከመለዋወጫ ጎማው ጎን ጭኜ አመጣሁ። ኬብሉንም ቀየርኩ። አባዬ ገና እንዳየው «ይሄም እንደዚያኛው ነው» አለ። እንግዲህ ስክሪኑ ነጻ ወጣ፣ ኬብሉም ነጻ ወጣ። የቀረው ካርዱና ድራይቨሩ ነው። ተማሪዎቼን የማስተምረውም ይህንኑ ነው፦ አንድ በአንድ ቀይር፣ ያልተቀየረው ላይ ጥፋቱን ታገኘዋለህ።

ከሰዓት አባዬ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን አፈሰሰውና ኬብሎቼ ላይ ሄደ። ተነጫነጭኩበት። «እዚያ አታስቀምጠው ብዬህ አልነበር?» አልኩት። ብርጭቆው ግን ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። በፎጣ አደረቀው። እንዲህ መናገር አልነበረብኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

እህቴ መጣች። ምሳ ላይ አባዬ የሳሎኑን በር አሻግሮ እያየ «ይሄን መቃን ማን ነው እንዲህ አጣሞ የተከለው?» አለ። እህቴ ልትወድቅ ነበር በሳቅ። ቤቱን የነደፈው እሱ፣ መቃኑን ቆሞ ያስተከለው እሱ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታየው?» አለችው። «እንግዲህ እርጅና» አለና እሱም ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም፤ ሳህኑን አነሳች።

እህቴ ስትወጣ በር ላይ «አንተ ግን ከዚህ ኮምፒውተር ጋር ተጋብተህ ልትቀር ነው» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ መሆኑን በየሳምንቱ የምታስታውሰኝ እሷ ናት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ጫማዬን ሳወልቅ ከኩሽና ሰማኋቸው።

እማዬ፦ «ለልጁ ንገረው እንጂ።»

አባዬ፦ «ምኑን ልንገረው? እየሠራበት አይደል?»

«የአባትህ ነገር እንዳይሆን ፈራሁ።»

«ኮምፒውተሩ ነው አልኩሽ። እሱ ያውቃል።»

ስገባ ዝም አሉ። ስለ ተቋራጩ መሆን አለበት፤ ቀኑ ሲቃረብ ሁለቱም ይጨነቃሉ። አያቴን ምን አምጥቶት እንደሆነ አላውቅም። አያቴን የማስታውሰው በር ላይ ተቀምጦ ነው። በድምፃችን ነበር የሚለየን፤ እኔና እህቴ ድምፃችንን ቀይረን እናታልለው ነበር። ልጆች ነበርን።

ዛሬ ያደረግኩት፦ የፊደሉን መጠን ከመቶ ወደ መቶ ሃያ አምስት ከፍ አደረግኩ። አባዬ «ፊደሉ ጥሩ ነው» አለ። ስለ መስመሩ ምንም አላለም። አልጠየቅኩትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ትልቅ ግኝት። ረጋ ብዬ ልጻፈው።

በዚህ ሥርዓት ችግር የገጠመው ሰው ሁሉ የሚጠይቅበት ፎረም አለ። ገና ስትገባ ቅጽ ትሞላለህ፦ ችግሩ የጀመረበት ቀን፣ መጀመሪያ ያመለከተው ሰው፣ የችግሩ ምስል። ምስሉ ካልተያያዘ ማንም ዞር ብሎ አያይህም። እኔም ከአባዬ ስክሪን ላይ ምስል አንስቼ በራሴ ላፕቶፕ ከፈትኩት። ቀጥ ያለ መስመር ነው። ይህማ በድራይቨሩ ላይ ሌላ ማስረጃ ሆነ፦ ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ የሚጎብጠው ሲታይ ነው ማለት ነው።

ለማንኛውም ብዬ ምስሉን በወረቀት አትሜ ለአባዬ ሰጠሁት። አራቀው፣ አቀረበው። «ይኸው፣ እዚህም ጎብጧል» አለ።

ወረቀት ላይ! ወረቀት ድራይቨር የለውም። እንግዲያውስ ጥፋቱ ከድራይቨሩም በፊት ነው፤ የንድፍ ፕሮግራሙ ራሱ ሲጽፈው እያጎበጠው ነው። ማስመሪያ አስቀመጥኩበት፤ ለእኔ ቀጥ ያለ ነው የሚመስለኝ። ግን አባዬ ግማሽ ሚሊሜትር ከወንበሩ ሳይነሳ የሚለይ ሰው ነው። የእኔ ማስመሪያ ያልያዘውን የእሱ ዓይን ይይዘዋል። ሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ቅጹን አንድ ሳላስቀር ሞልቼ ላክሁ። ለሳምንታት ስታገል እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

አንድ መልስ መጣ። ራሱን ምስማር ብሎ የሚጠራ ሰው ነው፤ በፎረሙ ላይ ነጻውን ድራይቨር ከሚጽፉት አንዱ፣ ስንቴ ችግሬን ፈቶልኛል። እንዲህ ይላል፦

«ወረቀቱን አንተ ስታየው ቀጥ ያለ ከሆነ ችግሩ እኛ ጋ አይመስለኝም። አባትህ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው የመስኮት ብረት ወይም የወለል ንጣፍ ይዩ። ከዚያ ሌላውን ይሸፍኑ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እናቴ ግን እንዲህ ነበር የጀመራት። አትቆይ።»

ደሜ ፈላ። ሁለት ገጽ ማስረጃ አቅርቤ ስለ እናቱ ያወራኛል። «ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ፤ የጠየቅኩት ግን ስለ ፕሮግራሙ ነው» ብዬ ጻፍኩና ጥያቄውን ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ኮሌጅ ፈተና። አርባ ኮምፒውተር፣ ሦስቱ አልነሳ አሉ። ምሳ የለም።

የምስማርን መልስ ደግሜ አነበብኩት። አባዬን ጠርቼ ላሳየው አሰብኩና ተቋራጩ ሥራውን እስኪረከብ አላስደነግጠውም አልኩ።

የሚያስደነግጠው እሱን ነው ወይስ እኔን?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ተቋራጩ መጣ። የደረጃውን ንድፍ ቀድሞ ወስዶት ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና በሌባ ጣቱ አንድ ቦታ ያዘ።

«ጋሼ፣ ይቺ አምስተኛዋ እርከን ሃያ አንድ ሳንቲሜትር ሆናለች። ሌሎቹ አሥራ ሰባት ናቸው።»

አባዬ ጎንበስ አለ። ቆየ። ጣቱን የተቋራጩ ጣት አጠገብ አሳረፈ፤ ትንሽ ስቶታል።

«ልጆች ናቸው የሚወጡበት» አለ ተቋራጩ፣ በለሆሳስ። «ልጅ ደግሞ ደረጃ ላይ ሮጦ እንጂ ረግጦ አይሄድም። አራት ሳንቲሜትር ስትበልጥበት በአፍጢሙ ነው። እርስዎ እኮ እንዲህ አይሳሳቱም ነበር ጋሼ።»

«ስክሪኑ ነው» አለ አባዬ። «ልጄ እያስተካከለው ነው።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዎ፣ የድራይቨር ችግር ነው፣ በዚህ ሳምንት ያልቃል» አልኩ። ተቋራጩ ራሱን ነቀነቀ። ከልቡ አምኖኝ ሄደ። አባዬ በረጅሙ ተነፈሰና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያ ነው ያቃተኝ። ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ለምሳ እቤት መጣሁ። መብራት ጠፍቷል። ኮምፒውተሩም፣ ስክሪኑም፣ ድራይቨሩም የሉም። አባዬ መስኮቱ ሥር በእርሳስና በማስመሪያ የአምስተኛዋን እርከን መስመር እያሰመረ ነው። የማስመሪያውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር በጣቱ ይዳስሰዋል፣ ከዚያ ያሰምራል፣ ከዚያ ያሰመረውን አቅርቦ ያያል፣ ከዚያ ያጠፋዋል። በላጲስ የደቀቀ ወረቀት ጉልበቱ ላይ ተከምሯል። በሩ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ ሲያጠፋ አየሁት። ሦስቱም ቀጥ ያሉ ነበሩ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ቀኝ ዓይንህን ሸፍንና የመስኮቱን ብረት እየው።»

«ምን ታይቶህ ነው?»

«እስቲ ዝም ብለህ።»

ሸፈነ። «ብረት ነው። ሰባት ብረት። ሦስተኛው ቀለሙ ተልጧል።»

«አሁን ግራህን።»

ሸፈነ። ወደ ብረቱ ጠጋ አለ፣ ራቅ አለ።

«የዳሮቹ ደህና ናቸው» አለ በመጨረሻ። «መሃል ያሉት ወደ ውስጥ ገብተዋል። አንደኛው የለም።»

እጁን ከዓይኑ ላይ አላነሳውም። እኔ ነኝ ይዤ ያወረድኩለት። መቼ እንዳወቀ ጠየቅኩት። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ጠርዛቸውን አስተካከለ።

«እኔ መጀመሪያ የነገርኩህ ለአንተ ነው» አለ። «አንተ ደግሞ ኮምፒውተሩ ነው አልክ። ኮምፒውተሩ ቢሆንማ እንዴት ጥሩ ነበር። የምታስተካክለው ነገር ነዋ።»

ዓይኑ የጠፋውን አባቱን ሦስት ዓመት እጁን ይዞ የመራ ሰው መሆኑ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። እናቴ ስለ አያቴ ያለችውን በጆሮዬ ሰምቼ፣ በእጄ ጽፌ፣ ስለ ተቋራጩ ነው ብዬ ማለፌም። እማዬ በሩ ላይ መጥታ ቆማለች። ፎጣውን ይዛ «ነገ ጠዋት ሦስታችንም ነን የምንሄደው» አለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ዓይን ሐኪም ቤት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቶሎ ቶሎ ነው የምትናገረው። በአራት ማዕዘን መስመሮች የተሞላ ካርድ አወጣች፤ መሃሉ ላይ አንድ ነጥብ አለ። አባዬ በቀኝ ዓይኑ አየና የጎበጡትን በጣቱ አሳያት። ያ ካርድ ከእጄ መዳፍ አይበልጥም። ሌላ ስክሪን በመኪና ስጭን፣ ኬብል ስቀይር፣ ሁለት ገጽ ስጽፍ የከረምኩት ለዚያ ካርድ ነው።

በቀኝ ዓይኑ ውስጥ ከኋላ በኩል፣ ምስል በሚያርፍበት ስስ ሽፋን ሥር፣ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ሽፋኑ ሲያብጥ ቀጥ ያለው ይጎብጣል። በመርፌ ይታከማል፤ ዓይኑ ውስጥ፣ በየወሩ። ነገ ይጀመራል።

«መቼ ነው የጀመረዎት?» አለችው።

አባዬ ወደ እኔ አየ። «እሱ ሁሉን ነገር ይጽፋል» አላት።

«ቅርብ ጊዜ ነው» አልኩ።

«ቅርብ ስንት ነው? በዚህ ሕመም ሳምንትም ብዙ ነው።»

«ሁለት ሳምንት ገደማ።»

ጻፈችው። እማዬ አየችኝ።

እቤት ገብቼ ይህን ደብተር ከፈትኩ። ጥቅምት 12። «ማስመሪያውም ይጎብጣል አለ። ሳቅኩ።» በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ዛሬ ልክ አንድ ወር ሞላው። ደግሜ ደግሜ አነበብኩት፤ ሌላ ቀን አልሆነም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

መርፌው ከመወጋቱ በፊት ሐኪሟን ኮሪደሩ ላይ አስቆምኳት። «ትናንት የነገርኩሽ ልክ አይደለም። ጥቅምት አሥራ ሁለት ነው የጀመረው። ያን ቀን ነግሮኛል፣ እኔ ግን ኮምፒውተሩ ነው ብዬ አቆየሁት» አልኳት። ሁለቱን ሳምንት ሰርዛ ትክክለኛውን ጻፈች። የሕክምና ካርዱ ላይ ስታየው ቅንድቧ ትንሽ ተነሳ።

በኋላ ሦስታችንን አስቀምጣ ነገረችን። መርፌው እንዳይብስ ያደርጋል፤ መሃል ላይ የጠፋው ግን ምናልባት ሁሉም አይመለስ ይሆናል። ቀድሞ ቢመጣ የተሻለ ነበር። ግራ ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ እሱን መጠበቅ ነው።

«ቀድሞ ቢመጣ» ስትል አባዬ ቀደማት። «እሱ እኮ በየቀኑ ሲሠራበት ነበር» አላት። «አንድ ቀን አልዘለለም።»

ለእኔ መከራከሩ ነው። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

አባዬ ለተቋራጩ ራሱ ደወለ። «ስክሪኑ አይደለም፣ ዓይኔ ነው» አለው። እኔ እደውላለሁ ብዬ ነበር፣ ከለከለኝ። ተቋራጩ «ታዲያ ንድፉን ማን ይጨርሰዋል ጋሼ?» አለ። አባዬ «እኔ ነኛ። እጅ ተበድሬ» አለው። አሥር ቀን ጨመረለት።

የተበደረው እጅ የእኔ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሠራን። እኔ ማውሱን ይዤ፣ እሱ ከጎኔ በግራ ዓይኑ። ንድፉን ሳያይ ያውቀዋል። «ከግድግዳው አንድ ሜትር ከሃያ ውጣ፣ ከዚያ ከፍታ አሥራ ሰባት፣ ስፋት ሃያ ስምንት፣ አሥራ ሰባት፣ ሃያ ስምንት...» እያለ ደረጃውን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሉ ወጣው። አምስተኛዋ ላይ ስንደርስ «ለካት» አለኝ። ለካኋት። «እንደገና ለካት።» አሥራ ሰባት።

ተማሪ ሆኜ እንዲህ የሚያመናጭቀኝ መምህር አልነበረኝም። «ነጥቡን ያዝ እንጂ አጠገቡን አትያዝ! ይሄን ሁሉ ዓመት ኮምፒውተር ምን ስታደርግበት ነበር?» እማዬ ከወዲያ ሆና ስትስቅ ሰማኋት፤ ስንት ጊዜዋ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

ንድፉ ሄደ። ተቋራጩ እያንዳንዷን እርከን በራሱ ሜትር ለካ። መለካቱ ትክክል ነው። አባዬም አልከፋውም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ሁለተኛው መርፌ። ፈሳሹ ቀንሷል። መሃሉ ግን እንዳለ ነው። ሐኪሟ «ቆሟል፤ ይህም ጥሩ ዜና ነው» አለች። አባዬ «ቆሟል ካልሽኝ በቃ፣ መሃሉን እኔ አውቀዋለሁ» አላት። መሃል ላይ ምን እንዳለ ከልምድ ያውቃል ማለቱ ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

የሐኪሟ ካርድ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። አባዬ በየጠዋቱ ግራ ዓይኑን ሸፍኖ ያየዋል፣ ያየውን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። «እንደ ትናንት» ካለ «እንደ ትናንት» ብዬ። ከራሴ የምጨምርበት የለም።

ዛሬ ካየ በኋላ አልተነሳም። ትልቅ ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ አስመጣኝ። ካርዱን ከማቀዝቀዣው ላይ ነቅሎ ፊቱ ተከለው። ግራውን ሸፍኖ በቀኙ ያያል፣ ከዚያ ቀኙን ሸፍኖ በግራው ይስላል። እያየ፣ እየሸፈነ፣ እየሳለ እስከ ምሳ ሠራ። እማዬ ሁለቴ ጠራችው፤ አልሰማም።

ሲጨርስ ጠራኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው የካርዱ ሠንጠረዥ ነው፤ ግን ቀኝ ዓይኑ እንደሚያየው። ዳር ዳሩ ቀጥ ያለ። ወደ መሃል ሲጠጋ መስመሮቹ ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ሁለቱ ይገናኙና እንደገና ይለያያሉ። ነጥቡ ባለበት ቦታ ላይ በእርሳስ ጥላሸት የመሰለ ነገር አጥቁሯል። ስፋቱን ለክቶ ጽፎበታል፦ አሥራ አራት ሚሊሜትር። ርቀቱንም፦ ከዓይን ሠላሳ አምስት ሳንቲሜትር። የልክ ቀስቶቹ ሁሉ በደንቡ።

ፎረሙ ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው የችግሩን ምስል ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ከስክሪኑ ላይ ላነሳ ስሞክር የከረምኩት ይሄን ነበር። ከስክሪን ላይ አይነሳም።

ፎቶ አነሳሁትና የዘጋሁትን ጥያቄ ከፈትኩ። ቅጹን እንደገና ሞላሁ። ችግሩ የጀመረበት ቀን፦ ጥቅምት 12። መጀመሪያ ያመለከተው፦ አባቴ። መንስኤ፦ ድራይቨሩም ፕሮግራሙም አይደለም። የዘገየው፦ በእኔ ምክንያት፣ አንድ ወር። ምስል፦ ተያይዟል። ለምስማር ደግሞ ለብቻው ይቅርታ ጻፍኩለት፤ ስለ እናቱም ጠየቅኩት። ብዙም ሳይቆይ መለሰ። እናቱ ደህና ናቸው፣ በአንዱ ዓይናቸው ያነባሉ። ከታች «የአባትህ መስመር እንዴት ያምራል» ብሎ ጨምሯል። ለአባዬ አነበብኩለት። «ማን ነው እሱ? ሙያ ያውቃል» አለ።

ከዚያ «ና፣ አላለቀም» ብሎ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። ቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ ሣጥኗ አለች። የነደፈው፦ ፈርሟል። ቀን፦ ጽፏል። ያረጋገጠው የሚለው ባዶ ነው። እርሳሱን ዘረጋልኝ።

ማስመሪያው እጄ ሥር ነበር። ጠረጴዛው ዳር ድረስ ገፋሁትና ፈረምኩ።

«ሳትለካ?» አለኝ።

«ነግረኸኛል» አልኩት።